መጽሐፍ ፍለጋ የወጡ መነኩሴ

ከደባርቅ ተነስቶ ቁልቁል ወደ ዛሪማ የሚወርድ መኪና ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ሲደርስ የተሳፋሪው ወሬ ይቀንሳል። ሾፌሩ ማርሽ ይቀይራል፤ በዕድሜ የገፉት እናቶች ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ያማትባሉ። አንዷ ቅዱስ ሚካኤልን ትጠራለች፣ ሌላዋ እመቤታችንን፣ ከኋላ ወንበር ደግሞ አንድ ጎልማሳ ጊዮርጊስን። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ገደሉን ፈልፍሎ ያወጣው መንገድ ግራና ቀኝ እየታጠፈ ይወርዳል። ደባርቅ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ጠዋት ያለ ጋቢ አይወጣባትም። ድብ ባሕር ሲደርሱ ግን ጋቢው ይወልቃል፣ መስኮቱ ይከፈታል። ዞር ብሎ ሽቅብ ያየ ሰው ያን ሁሉ ገደል እንዴት እንደወረደው ይገርመዋል።

በዚህ መንገድ ላይ ቅዱሳን የሚጠሩት እንዲጠብቁ ነው። ይህ ደግ ልማድ ነው፤ አገሩ ሁሉ የሚኖርበት ነው። ግን ከቅዱስ የሚለመን ሌላም ነገር አለ፤ ከጥበቃው ይልቅ የሚከብድ፦ እንዴት እንደኖረ አይቶ እንደሱ ለመኖር መሞከር። ስለዚህኛው ለመጻፍ የተነሳሁት በዚሁ አገር ተምረው፣ በዚሁ አገር ታስረው፣ በእስር የሞቱ፣ ነገር ግን ከካቶሊኮች በስተቀር እምብዛም የማይነሱ አንድ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ስላሉ ነው። አባ ገብረ ሚካኤል ይባላሉ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. ጥቅምት 3 ቀን 1926 ብፁዕ ብላ ሰይማቸዋለች።

ጣሊያን መንገድ ከማውጣቱ በፊት እዚህ የነበረው የበቅሎ መንገድ ነው። ከምፅዋ ወደ ዓድዋ፣ ከዓድዋ ተከዜን ተሻግሮ፣ ቆላውን አልፎ፣ ሊማሊሞን ወጥቶ ጎንደር ይገባል። የጎንደር ነጋዴ ጨውና ጨርቅ ያመላለሰበት ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 መጀመሪያ ወደ ጎንደር ሲገባ ሊማሊሞን የወጣው በዚሁ በኩል ነው። ከባሕር ማዶ ወደ ነገሥታቱ ከተማ የመጣ እምነትም ሆነ ወሬ በአብዛኛው በዚህ በር አልፏል።

ካቶሊክነት ወደ ጎንደር የገባበት ታሪክ ደግሞ የቆሰለ ታሪክ ነው፤ ይህን ሳይናገሩ ስለ አባ ገብረ ሚካኤል መናገር ትክክል አይሆንም። አፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የሮምን እምነት በይፋ ተቀበሉ። ብልኁ ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ በዚያው ዓመት ሞቱ። ከሳቸው በኋላ የመጡት ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ሕዝቡን እንደገና ለማጥመቅ፣ ካህናቱን እንደገና ለመካን፣ በዓላቱንና ጾሙን ወደ ላቲን ሥርዓት ለመለወጥ ተነሱ። አገር በደም ታጠበ። እ.ኤ.አ. በ1632 ሱስንዮስ ራሳቸው የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ፋሲል ኢየሱሳውያንን አባረሩ፤ በሩንም ዘጉ። ከዚያ በኋላ የመጣ ካቶሊክ ሁሉ፣ በጎም ይሁን ክፉ፣ በሜንዴዝ ዓይን ታየ። ሁለቱ ካፑቺኖች፣ አጋታንጀሎና ካሲያኖ፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 7 ቀን 1638 ጎንደር ላይ ተሰቀሉ። ሦስት ፍራንቸስካውያን፣ ሊቤራቶ ቫይስና ሁለቱ ጓደኞቻቸው፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 3 ቀን 1716 ጎንደር አጠገብ አቦ በተባለው ቦታ በድንጋይ ተወግረው ሞቱ። የመጀመሪያዎቹን ሮም በ1905፣ የኋለኞቹን በ1988 ብፁዓን ብላለች። እነዚህ አምስት ሰዎች ሌሎች የሠሩትን ዕዳ ከፈሉ ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

አባ ገብረ ሚካኤል ግን ከባሕር ማዶ የመጡ አይደሉም። የተወለዱት ጎጃም፣ በመርጡለ ማርያም አካባቢ ዲቦ በተባለ ቦታ፣ በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው። በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸው ጠፋ። በገበሬ ቤት እንዲህ ያለ ልጅ ለእርሻ ካልሆነ ለትምህርት ይሰጣል፤ እሳቸውም ተሰጡ። ፊደል ቆጠሩ፣ ዳዊት ደገሙ፣ ቅኔ ገቡ። መርጡለ ማርያም መነኮሱ። ሕይወታቸውን ሁሉ የመራው ጥያቄ የተነሳባቸውም ከመነኮሱ በኋላ ነው፦ የምንኩስና ሥርዓት ይህ የምናየው ነው ወይ? በአባቶች የተጻፈው የት ነው ያለው?

ጥያቄው ለጊዜው ቀላል ይመስላል። በዘመነ መሳፍንት ለሚኖር መነኩሴ ግን ቀላል አልነበረም። ገዳማት በጦርነት ተዘርፈዋል፤ መጻሕፍት ጠፍተዋል፤ የገዳም ሕይወት በብዙ ቦታ ላልቷል። አባ ገብረ ሚካኤል ከገዳም ገዳም እየዞሩ መጻሕፍተ መነኮሳትን አገላብጠው ማየት ጀመሩ። በትርጓሜ ቤት ያለፈ ሰው እነዚህን መጻሕፍት ያውቃቸዋል፦ ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስ፣ አረጋዊ መንፈሳዊ። ከአራቱ ጉባኤያት አንዱ ናቸው፤ ትርጓሜያቸውን ለመጨረስ ዓመታት ያስፈልጋሉ። የኔታ ያነባሉ፣ ተማሪው በቃሉ ይይዛል፤ አንዱ አንድምታ ከሌላው ሲጋጭ ተማሪው ይጠይቃል፣ የኔታ ይመልሳሉ፣ ወይም ነገ እንይዋለን ብለው ያሳድራሉ። አባ ገብረ ሚካኤል በዚህ ቤት ያደጉ ሰው ናቸው። ጎንደር ገብተው ተማሩ፣ አስተማሩም፤ ከደቀ መዛሙርታቸው መካከል በስም ብቻ ይነግሡ ከነበሩት ነገሥታት አንዱ፣ አፄ ዮሐንስ ሣልሳዊ፣ ነበሩ።

ያኔ ጎንደር በክርክር የምትንቀጠቀጥ ከተማ ነበረች። በክርስቶስ ባሕርይ ነገር ሊቃውንቱ በቅባት፣ በጸጋና በካራ ተከፍለው እርስ በርስ ይወጋገዙ ነበር። ጥያቄው የቃል ብቻ አልነበረም። መኳንንቱ ወገን ይዘው ገብተውበት ነበርና አንድ ዐረፍተ ነገር ሰውን ከአገሩ ያሰድደው ነበር። አባ ገብረ ሚካኤል መልሱን ከመጽሐፍ ማግኘት ፈለጉ። ቤታቸው ተቀምጠው የወገናቸውን መልስ ቢደግሙ በክብር መኖር ይችሉ ነበር።

አጋጣሚው እ.ኤ.አ. በ1841 መጣ። ስሜንንና ትግራይን ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ከግብፅ አቡን የሚያመጣ መልእክተኛ ወደ ካይሮ ላኩ። የመልእክተኞቹን ጉዞ እንዲመሩ የተለመኑት ደግሞ ዓድዋ የነበሩ ጣሊያናዊ የላዛሪስት ካህን ናቸው፦ ጁስቲኖ ደ ያኮቢስ፣ የእኛ ሰዎች አቡነ ያዕቆብ የሚሏቸው። አባ ገብረ ሚካኤል ከመልእክተኞቹ አንዱ ሆኑ። ዓላማቸው ኢየሩሳሌምን መሳለምና መጻሕፍት መፈለግ ነበር። ስለ ጣሊያናዊው ካህን የነበራቸው አስተያየት ግን በጎ አልነበረም፤ ጎንደር ያደገ ሊቅ ስለ ሮም የሚያስበውን ነው ያሰቡት።

ስለ አቡነ ያዕቆብ ትንሽ ልቆይ፤ ያለ እሳቸው ይህ ታሪክ አይገባም። የተወለዱት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 9 ቀን 1800 በደቡብ ጣሊያን ሳን ፌሌ በተባለች መንደር ነው። በ1839 ምፅዋ ደረሱ። ሜንዴዝ ያደረጉትን ሁሉ በተቃራኒው አደረጉት። የአገሩን ካህን ልብስ ለበሱ፣ በጎጆ ኖሩ፣ የአገሩን ጾም ጾሙ፣ ግዕዝና አማርኛ ተማሩ። ኢትዮጵያዊ ካቶሊክ በግዕዝ መቀደስ አለበት አሉ። ዛሬ በአዲስ አበባም ሆነ በዓዲግራት የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቅዳሴው በግዕዝ ሥርዓት የሚቀደሰው ያ መንገድ ስለቀጠለ ነው። ኦርቶዶክሳዊ አንባቢ አንድ ቀን ገብቶ ቢቆም ብዙው ዜማ ለጆሮው እንግዳ አይሆንበትም።

መልእክተኞቹ ካይሮ ደረሱ። ፓትርያርክ ጴጥሮስ 7ኛ ገና ወጣት የሆነውን እንድርያስን ሾሙላቸው፤ እሱም አቡነ ሰላማ ተባለ። ከመልእክተኞቹ ከፊሎቹ ከአቡነ ያዕቆብ ጋር ወደ ሮም ዘለቁ፤ አባ ገብረ ሚካኤልም አብረው ሄዱ። ከርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ ፊት ቀረቡ። ከዚያ ኢየሩሳሌም። እንዲህ ያለ ጉዞ ብዙ ሰው በቶሎ ያስለውጣል፤ እሳቸውን ግን አላስለወጣቸውም። አገራቸው ተመልሰው፣ ከአቡነ ያዕቆብ ጋር ብዙ ተከራክረው፣ መጻሕፍቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው አመሳክረው፣ ካቶሊክ የሆኑት እ.ኤ.አ. በ1844 ነው። ሦስት ዓመት ያህል መሆኑ ነው። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከሃምሳ አልፏል።

በዚህ ውሳኔያቸው የማይስማማ ኦርቶዶክሳዊ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ያለመስማማት መብቱ ነው። እኔ የምለው ስለ መንገዱ ነው። ሰው ሃምሳ ዓመት ሙሉ የተማረውን፣ ክብሩንም እንጀራውንም ያገኘበትን ትምህርት፣ እውነት ነው ብሎ ባመነው ነገር ፊት አቅርቦ ለመመርመር የሚጠይቀው ድፍረት በየዘመኑ ጥቂት ነው።

ከዚያ በኋላ ዓዲግራት አጠገብ ጓላ ላይ አቡነ ያዕቆብ ባቋቋሙት ትምህርት ቤት አስተማሩ፤ የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ በማዘጋጀት ረዱ። አቡነ ያዕቆብ በ1849 ምፅዋ ላይ ማሳያ በተባሉ የካፑቺን ጳጳስ እጅ ጵጵስና ተሾሙ። በ1851 አባ ገብረ ሚካኤልን ቅስና ሲሾሟቸው ሊቁ ስድሳ ዓመት ገደማ ነበሩ። ለስድሳ ዓመቱ ቄስ ሥራው ገና መጀመሩ ነበር።

ይህ ሥራ ጎንደር ላይ ያበቃው እ.ኤ.አ. በ1854 ክረምት ነው። ደጃዝማች ካሳ ኃይሉ፣ የኋላው አፄ ቴዎድሮስ፣ አገሩን ወደ አንድ ለማምጣት ተነስተዋል፤ አቡነ ሰላማም ከጎናቸው ናቸው። ለአንድ አገር አንድ ሃይማኖት የሚለው ሐሳብ በካሳ ዘንድ ከፖለቲካው ተለይቶ የሚታይ አልነበረም፤ አቡነ ሰላማ ደግሞ ካቶሊኮቹን የሚያዩት እንደ ተቀናቃኝ ነበር። አቡነ ያዕቆብና አባ ገብረ ሚካኤል ጎንደር ላይ ተያዙ። ጳጳሱን ወደ ሰናር ጠረፍ አስወጧቸው። ኢትዮጵያዊው ግን አገሩ ነውና የሚባረርበት ቦታ የለውም። አባ ገብረ ሚካኤል ከጥቂት ደቀ መዛሙርት ጋር ግንድ ውስጥ ገቡ።

ግንዱ ምን እንደሆነ ለዛሬ አንባቢ መንገር ያስፈልጋል። ረጅም ወፍራም ግንድ ነው፤ መሀሉ እግር በሚያሳልፍ መጠን ይፈለፈላል። የእስረኛው እግር በቀዳዳው ያልፋል፤ ከዚያ ቀዳዳው ውስጥ ሽብልቅ ይመታበታል፤ እግሩ ወደ ኋላም ወደ ፊትም አይልም። እስረኛው ተኝቶ መገላበጥ አይችልም፤ ተነስቶ መሄድ አይታሰብም። እግሩ ያብጣል፣ ሽብልቁም በዚያው መጠን እየጠበቀ ይሄዳል። አንድ ሽማግሌ በዚህ ሁኔታ ወራት ተቀመጡ። በየጊዜው እየወጡ ይጠየቃሉ፣ ይገረፋሉ፣ ተመልሰው ይገባሉ። በደቀ መዛሙርቱ ዘንድ የተላለፈው ታሪክ እንደሚለው ገራፊዎቹ ፊታቸውን እንዲመቱ፣ በተለይም ያችን አንዷን ደህና ዓይናቸውን እንዲለዩ ታዘዙ። ዓይኗ ግን አልጠፋችም።

በየካቲት 1847 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1855) ካሳ ስሜን ላይ ውቤን ድል አደረጉ፤ ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሳነጿት ደረስጌ ማርያም ካሳ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። የቀባቸው አቡነ ሰላማ ነበሩ፤ አባ ገብረ ሚካኤል ከውቤ መልእክተኞች ጋር ካይሮ ሄደው ያስሾሟቸው አቡን። ድብ ባሕር ያለችበት አገር ጌታውን የለወጠው ያኔ ነው። ከዚያ ሠራዊቱ ወደ ወሎ ሲዘምት እስረኛው ሽማግሌ በሰንሰለት ታስረው አብረው ተወሰዱ። ግንቦት መጨረሻ ላይ ንጉሡ ፊት ቀረቡ፤ የእንግሊዙ ቆንስል ዋልተር ፕላውደንም ነበር። ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ተጠየቁ፣ አልለውጥም አሉ፣ ሞት ተፈረደባቸው። ፕላውደን ለመነላቸው፤ ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ።

ወታደሮቹ በዚያ ጉዞ ላይ አንድ ስም አወጡላቸው ይባላል፦ ቅዱስ ጊዮርጊስ። ገድለ ጊዮርጊስን ሰምቶ ያደገ ወታደር ቢገርፉት የማይሞት፣ ቢያስሩት የማይማረር ሰው ሲያይ ትዝ የሚለው ያው ነው፤ ሞቶ የተነሳው፣ ሰባት ዓመት የተሠቃየው ሰማዕት። ይህን ስም ያወጡላቸው ካቶሊኮች አይደሉም። ጠባቂዎቻቸው ናቸው፤ የእምነታቸው ተቃዋሚዎች። በሠራዊቱ መካከል ኮሌራ ገብቶ ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ ሽማግሌው ከሚሰጣቸው ጥቂት ምግብ ለሌሎች ያካፍሉ፣ በሽተኛውን ያጽናኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1855 ክረምት ጨረቻ ገባባ በተባለ ቦታ መንገድ ዳር ወደቁ። ጠባቂዎቹ ሰንሰለቱን ፈትተው እዚያው ቀበሯቸው። አቡነ ያዕቆብ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ሐምሌ 31 ቀን 1860፣ በሐላይ ቁልቁለት አልጌዴ ሸለቆ ውስጥ አረፉ፤ መቃብራቸው ኤርትራ ሄቦ ነው፤ ምእመናን በየዓመቱ ይሳለሙታል። በ1975 ጳውሎስ 6ኛ ቅዱስ ብለዋቸዋል።

ሮም አንድን ሰው ብፁዕ ወይም ቅዱስ ከማለቷ በፊት ረጅም ምርመራ ታደርጋለች። በተፈጥሮ ሞት ላረፈ ሰው መርማሪዎቹ የሚጠይቁት ሰውዬው እምነትን፣ ተስፋን፣ ፍቅርን፣ ማስተዋልን፣ ፍትሕን፣ ጽናትንና ራስን መግዛትን ከተራ ሰው በላቀ ደረጃ ይዞ ኖሮ እንደሆነ ነው። ምስክር ይጠራል፣ ደብዳቤ ይመረመራል። ለሰማዕት ግን ዋናው ጥያቄ በእምነቱ ምክንያት መሞቱ ነው። ስለዚህ የአባ ገብረ ሚካኤል ነገር በስብከትም በሥዕልም ሁልጊዜ ከመጨረሻቸው ይጀምራል፤ ከግንዱ፣ ከጅራፉ፣ ከሰንሰለቱ።

ይህ በኔ አስተያየት ጉድለት አለበት። ግንድ ውስጥ የሚገባ ክርስቲያን ዛሬ በጎንደርም በአዲስ አበባም ጥቂት ነው። በሞታቸው ብቻ የምናውቃቸው ሰማዕት እንመካባቸው ይሆናል እንጂ እንደሳቸው ለመኖር የምንይዘው ነገር አይሰጡንም። ከሃምሳ ዓመት በላይ የዘለቀው የፊተኛው ሕይወታቸው ግን ማንም ሊኮርጀው የሚችለው ነው፦ ያላወቀውን አላውቅም ማለት፤ የሰማውን ከመጽሐፍ ማመሳከር፤ ባላጋራው የሚለውን እስከ መጨረሻው ሰምቶ መመለስ፤ መልሱ ከራሱ ወገን ባይመጣም መቀበል። የኋላው ጽናታቸው የመጣው ከዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ሰው ለሰማው ወሬ ወራት ግንድ ውስጥ አይቀመጥም፤ ራሱ ፈልጎ ላገኘው ነገር ግን ይቀመጣል።

በጎንደር ከተማ ዛሬ ካቶሊኮች ጥቂት ናቸው። ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አካባቢው በባሕር ዳር–ደሴ ሀገረ ስብከት ሥር ነው። በገጠሩ፣ በደባርቅም ሆነ በድብ ባሕር፣ በዓሉ የሚከበረው በኦርቶዶክሱ ሥርዓት ነው፤ በወሩ 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ። ዝክሩ ይዘከራል፣ ጽዋው ይዞራል፣ ገድሉ ይነበባል። እነዚህ ቅዱሳን በካቶሊኩ የግዕዝ ሥርዓትም ይከበራሉ። ወታደሮቹ ለአባ ገብረ ሚካኤል የሰጡት ስም ሁለቱም ወገን የሚያውቁት ስም ነው።

በሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት መካከል ያለው ግንኙነት ደግሞ የ1854ቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. የካቲት 29 ቀን 2016 ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ማትያስ ቫቲካን ሄደው ከርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ ጋር ሲገናኙ ከዋና ዋናዎቹ ጉዳዮች አንዱ የሰማዕታት ደም ነበር፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በ2015፣ ሊቢያ ውስጥ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች ተገድለው ነበርና። በ2023 ፍራንሲስ እዚያው ሊቢያ የተገደሉትን 21 ሰማዕታት፣ አብዛኞቹ የግብፅ ኦርቶዶክሶች፣ በሮም የሰማዕታት መዝገብ ውስጥ አስገቡ። ካቶሊክ ያልሆነ ሰማዕት ለካቶሊክ ምእመን አርአያ ሆኖ ተመዘገበ። በሌላው አቅጣጫም ቢያንስ የሚነበብበት ጊዜ ይመጣል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ለመስማማት ሳይሆን ለማወቅ።

የጎንደር የመጻሕፍተ መነኮሳት ጉባኤ የአባ ገብረ ሚካኤል የትምህርት ቤት ነው። ስማቸውን እዚያ ለማንሳት ካቶሊክ መሆን አያስፈልግም። ለካቶሊክ ልጆች ደግሞ ታሪካቸው በአማርኛ ዳግም ይጻፍ፣ ይጻፍም ሲባል ከመርጡለ ማርያም ይጀምር፦ አንድ ዓይን ያለው ልጅ ዳዊት ሲደግም፣ ቅኔ ሲቆጥር፣ ከገዳም ገዳም መጽሐፍ ሲጠይቅ። ግንዱ የመጨረሻው ምዕራፍ ይሁን፤ አንባቢው እዚያ ከመድረሱ በፊት ሰውዬውን ይወቃቸው።